ውሉ ለባላገሩም ይነበብለት

«እናንተ የጋይንት ሰዎች ስለ ውጭ ጉዳይ ምን አገባችሁ?» የሚል ቀልድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ መሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። ቀልዱን የሚያመጡት ወንድሞቻችን ክፋት እንደሌላቸው እናውቃለን። ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ጥቂቶች ነን፤ አነጋገራችን ያስታውቅብናል፤ ስንቃችንም እስከ ኅዳር የማይዘልቅ በሶ ነው። ይህ ሁሉ ያስቃል፥ እኛም አብረን እንሥቃለን። ነገር ግን በቀልዱ ውስጥ የተደበቀ አሳብ ስላለ ዝም ብለን ልናልፈው አልፈቀድንም። አሳቡም፦ የውጭ ፖለቲካ፥ የውጭ ንግድና የባዕድ ካፒታል ነገር የዋና ከተማ ሰው ጉዳይ ነው፤ ባላገሩ ይረስ፥ ተማሪው ይማር፥ የሚያውቅ ይፈርም የሚል ነው።

እኛ ደግሞ የምንለው፥ የውጭ ጉዳይ ውጤቱ ከማንም ቀድሞ የሚያርፈው በባላገሩ ጫንቃ ላይ ነው፤ ስለዚህ መንግሥት ለመፈረም ብቸኛ ባለ መብት መሆኑን ብንቀበልም፥ የሚፈርመውን ለአገሩ ሰው ሳያስነብብ እንዲፈርም ግን ልንቀበል አንችልም ነው። ከዚህ ቀጥለን የምንዘረዝረው ሁሉ ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

ቤተ ልሔምን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር አስቀድመን ጥቂት እንንገረው። ቤተ ልሔም በጋይንት የሚገኝ የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ፥ ከሸዋም ይምጣ ከትግራይ፥ ድጓ ተምሬአለሁ የሚል ደቀ መዝሙር መምህር ለመባል የቤተ ልሔምን ደጅ ይረግጣል። ቁራሽ እየለመነ፥ በደሳሳ ጎጆ እየተቀመጠ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል። ከቃሉ በላይ የሚቀመጡትን ምልክቶች፥ ይዘቱን፥ ደረቱን፥ ርክርኩን፥ ድፋቱን፥ ጭረቱን፥ ቅናቱን፥ ሂደቱን፥ ቁርጡን አንድ በአንድ ከየኔታ ፊት ያሳልፋል። አንዲት ጭረት ያለ ቦታዋ ብትገኝ ዜማው ሌላ ይሆናልና ተፍቃ እንደ ገና ትጻፋለች። «ደክሞኛል፥ አገሬ ሩቅ ነው፥ እንዲሁ ይለፍልኝ» ቢል የሚሰማው የለም። ከእኛ አንዳንዶቻችን በልጅነታችን ይህን በዓይናችን እያየን ስላደግን፥ ሳይመረመር የሚያልፍ ጽሑፍ ያስደነግጠናል። ለአንድ የዜማ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ምርመራ ካለ፥ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ለሚተላለፍ የውጭ ውልስ ምን ዓይነት ማስመስከሪያ አዘጋጅተናል?

ምሳሌው የራቀ የሚመስለው ሰው የውጫሌን ውል ያስታውስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ውል በ17ኛው አንቀጹ፥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይል ነበር፤ አማርኛው። ጣልያንኛው ግን ይህን ፈቃድ ወደ ግዴታ ለውጦታል። ልዩነቱ የአንድ ግስ ነው። በጣልያንኛው ትርጉም ኢትዮጵያ በራሷ አፍ የማትናገር፥ በሞግዚት የምትተዳደር አገር ሆነች። ዐፄ ምኒልክ ይህን የተረዱት በማግሥቱ ዓመት ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጽፈው መልሱ ሲመጣ ነው። የእቴጌ ጣይቱ ቁጣ፥ በ1885 ዓ.ም. የውሉ መፍረስ፥ በየካቲት 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሁሉም በዚያ ግስ ዙሪያ የተከተሉ ናቸው። እርግጥ ነው፥ ጣልያን ግሱን ባያጣምምም ሌላ ምክንያት ፈልጎ መምጣቱ አይቀርም ነበር። ቢሆንም ከመፈረሙ በፊት ጣልያንኛውን ፊደል በፊደል የሚያሳልፍ አንድ የኔታ ቢገኝ ኖሮ፥ ቢያንስ የምንገባበትን እያወቅን እንገባ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ደብረ ታቦር ለጋይንት ጎረቤት ነው። በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ መናገሻው ደብረ ታቦር የነበረው ራስ ዓሊ፥ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ያመጣውን የወዳጅነትና የንግድ ውል በጥቅምት 1842 ዓ.ም. ተቀበሉ። ፕላውደን ራሱ እንደ ጻፈው፥ ውሉ በድንኳኑ ውስጥ በአማርኛ ሲነበብ ራስ ዓሊ እዚያው ስለ ቆመ ፈረስ ከባለሟሎቻቸው ጋር ይጨዋወቱ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ፥ ነገሩ ክፋት የለበትም፥ ግን አገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ የሚመጣ አይመስለኝም የሚል አሳብ ሰጡ። ይህን ስናነብ መጀመሪያ ሣቅን። ቆይተን ስናስበው ግን ሰውዬው ሞኝ እንዳልነበሩ ገባን፤ የአገራቸውን ሁኔታ ከፕላውደን የበለጠ ያውቁታል። ጥፋታቸው፥ ጥቅሙ ያልታያቸውን ውል፥ ሐሳባቸው ከፈረሱ ላይ እንዳለ መቀበላቸው ነው።

በዚያው ዘመን የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለብቻቸው ከእንግሊዝ ጋር በ1834 ዓ.ም.፥ ከፈረንሳይ ጋር በ1835 ዓ.ም. ተዋውለዋል። ሁሉም በየአምባው የራሱ ቆንስል፥ የራሱ ጠመንጃ ሻጭ ነበረው። ስለዚህ ከጓደኞቻችን መካከል «እያንዳንዱ ክልል ከውጭ ባለ ገንዘብ ጋር በራሱ ይዋዋል፥ አዲስ አበባ ምን አግብቶት» የሚሉት አሉና፥ እነርሱን አንደግፍም። ይህ መንገድ ተሞክሮ ታይቷል። ባዕዱ አንድ ሆኖ ሲመጣ እኛ ዐሥር ሆነን ከቀረብነው፥ ዋጋችንን እርስ በርሳችን እየተሻማን የምናወርደው እኛው ነን። የውጭ ጉዳይ የአንድ ማዕከላዊ መንግሥት ሥራ መሆን አለበት። በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ነገር ግን አንድ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ለዚህም ከዐፄ ቴዎድሮስ የተሻለ ምስክር አናገኝም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነት ፈለጉ፥ መልእክተኞቻቸው የሚያልፉበት መንገድ እንዲከፈት ጠየቁ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ከወረቀት መካከል ተረሳ፤ መልስ ሳይመጣ ከዓመት በላይ አለፈ፤ በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሩን ታሰረ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሁለት ቤተ መንግሥቶች ነገር ይመስላል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን የእኛ አገር ሰው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመሬቱ ላይ ያውቀዋል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ጥበበኞች ሴባስቶፖልን አፈሰሱ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ መንገድ እየጠረጉ፥ ቋጥኝ እያፈረሱ፥ ያን መድፍ በጨጨሆ በኩል አሻግረው እስከ መጋቢት መቅደላ አደረሱት። ስድስት ወር የሚሆን ጉዞ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት የበላውን እህል ማን እንደ ዘራው መጠየቅ አያስፈልግም። በሌላ በኩል ከባሕር ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከህንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ይዞ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ። ወደ 350 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍት ከመቅደላ ተግዘው ሄዱ፤ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ይህን በቤተ ልሔም ብራና ዳምጦ፥ ቀለም በጥብጦ ለሚጽፍ ተማሪ ብንነግረው ምን እንደሚል አንባቢ ይገምት።

በዚያ ጦርነት ማግሥት በመቅደላ አንድ ሕፃን ተገኘ። የጎንደር ተወላጅ ነው፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ወሰዱት፤ አድጎ ሐኪም ሆነ፥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። እኒህ ሰው በ1920 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ ተልከው ወደ አሜሪካ በመሄድ በጣና ላይ ስለሚሠራ ግድብ ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ከኢትዮጵያ ወገን ሆኖ ከባዕድ ኩባንያ ጋር ስለ ዓባይ የተነጋገረው ያ የመቅደላ ልጅ መሆኑን ስናስብ እንገረማለን። ለምን አሜሪካ ድረስ መሄድ አስፈለገ ቢባል፥ መልሱ ከዚያ ቀደም ብለው በተፈረሙ ወረቀቶች ውስጥ ነው።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት የድንበር ውል፥ በዓባይ፥ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝ መንግሥትና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ቃል ገብተዋል። ማቆም ማለት መድፈን ነው ወይስ መቀነስም ይጨምራል የሚለው ጉዳይ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል፤ እነሆ እንደ ገና ግስ! በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣልያ እኛን ሳይጠይቁ በደብዳቤ ተስማሙ። እንግሊዝ ጣናን ለመገደብ ኢጣልያ ትደግፋት፥ ኢጣልያም ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በእኛ ምድር ላይ ለመዘርጋት እንግሊዝ ትደግፋት ተባባሉ። የጋይንት ወንዞች የሚወርዱት ወደ ዓባይ ነውና፥ እዚህ ላይ የተነገረው ስለ እኛ ደጅ ውኃ ነበር።

ራስ ተፈሪ ያደረጉትን እዚህ ላይ አስተውሉ። ጦር አልላኩም፥ የሚልኩትም ጦር አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና፥ በ1918 ዓ.ም. ጉዳዩን በጽሑፍ ለማኅበሩ አቀረቡ። የማኅበሩ አባል የሆኑ ሁለት መንግሥታት ስለ ሦስተኛው አባል መሬት በስውር መስማማታቸው ተገቢ ነው ወይ ብለው በዓለም ፊት ጠየቁ። የተሰወረው ነገር በአደባባይ ሲነበብ ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ አሳብ የለንም ብለው ጻፉ። ከዚያ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ኢጣልያ መውረሯን፥ ማኅበሩም እንዳላዳነን አንረሳም። ሆኖም ለጊዜው የደካማ መንግሥት ጋሻ ሆኖ የሠራው ምስጢር መጠበቁ አልነበረም፤ ምስጢር መግለጡ ነው። በየጊዜው «የውጭ ጉዳይ በባሕርዩ ምስጢር ይፈልጋል» ለሚሉን መምህራኖቻችንና ባለ ሥልጣኖቻችን ይህን ታሪክ ደግመው እንዲያነቡት በትሕትና እናቀርብላቸዋለን።

ባዕድ ሁሉ ክፉ ነው እያልን እንዳልሆነ ደግሞ እንናገር፤ እንዲህ የሚያስብ ጓደኛ ቢኖር በቻይና መንገድ ሄዶ ይይ። ኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ለቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ዕውቅና ሰጠች፤ በ1964 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ያለ ወለድ ብድር ተገኘ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በነፋስ መውጫ፥ በጨጨሆና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚገባው መንገድ የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ነው። ሥራው ተጀምሮ ያለቀው በደርግ ዘመን ነው፤ ሰዉ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በቻይና ስም ነው። ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት የተጎተተበት አገር የጭነት መኪና አየ። የጋይንት ድንች ገበያ አገኘ፤ በሽተኛ ሐኪም ቤት ደረሰ፤ እኛም ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ የመጣነው በዚሁ መንገድ ነው። በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተደረገ የእጅ መጨባበጥ ለአንድ ወረዳ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ነፋስ መውጫ የመጣው በዚሁ መንገድ መሆኑን ግን ወገኖቻችን አይረሱትም። የዚያ ጦርነት ሌላ ጠባሳ ደግሞ በንግድ ላይ አረፈ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ከሆነው የአጎዋ ዕድል ስላስወጣች፥ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሲሰፉ የነበሩ ብዙ እኅቶቻችን ሥራ አጡ። ጦርነቱን ያልጀመሩት ናቸው ደመወዛቸውን ያጡት።

ስለ እርዳታ ስንዴም እንናገር፤ ይህ የምናፍርበት ሳይሆን የምናውቀው ነው። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ ዝናብ ሲዘገይ የሚራቡ ወረዳዎች ናቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ «ሴፍቲኔት» የሚለው ቃል እንደ ማረሻና እንደ ሞፈር የባላገሩ ቃል ሆኗል። ገንዘቡ የሚመጣው ከመንግሥት ብቻ ሳይሆን ከዓለም ባንክና ከባዕዳን መንግሥታትም ነው። እንግዲህ የስማዳ ባላገር እርከን ሠርቶ የሚቀበለው እህል ራሱ የውጭ ጉዳይ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ወደ ገበያና ወደ ወፍጮ ቤት መሻገሩ ስለ ታወቀ የአሜሪካ መንግሥት በኢትዮጵያ ሁሉ የሚሰጠውን የምግብ እርዳታ ለወራት አቆመ። ሰራቂው ጠገበ፥ ያልሰረቀው ተራበ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ራሱ ተዘጋ፤ ያም የተወሰነው በዋሽንግተን ነው። ለአንድ ወገን ምጽዋት፥ ለሌላው ወገን ፖለቲካ የሆነ ነገር ላይ ኑሮን መመሥረት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መንግሥታችን ለባላገሩ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባ ነበር። ምክንያቱም ከለጋሾቹ ጋር የተስማማው እርሱ ነው፤ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፥ በምን ምክንያት እንደሚቋረጥ የሚያውቀው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን፥ ወደሚያከራክረን ነገር ደረስን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ገባ፤ ብዙ ሳይቆይ ከመቶ ብር አለፈ። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት የአራት ዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ነገሩ ጨርሶ መደረግ አልነበረበትም የሚል አቋም የለንም። በመካከላችን ኢኮኖሚክስ የሚማሩት፥ የጥቁር ገበያው ዋጋ ከባንኩ ዋጋ እንዲህ ርቆ ሊቆይ አይችልም ነበር ይላሉ፤ እናምናቸዋለን። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው። የብር ዋጋ ሲወርድ የማዳበሪያ ዋጋ ምን እንደሚሆን፥ መንግሥት ምን ያህሉን እንደሚደጉም፥ ድጎማው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለአራሹ የተነገረው ከውሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የብድሩ ሰነድ በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ማንም ፈልጎ ሊያነበው ይችላል። የጋይንት አራሽ ግን የሚያነበው በእንግሊዝኛ አይደለም።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ሰው ተከልሎ የኖረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ፥ የአስመጪነትና የላኪነት ሥራ ለባዕድ ባለ ሀብት ተከፈተ። የተከፈተውም በምክር ቤት ተከራክሮ በወጣ አዋጅ ሳይሆን በኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ አዋጅ ግን በምክር ቤት በኩል አልፏል፤ የባዕዳን ድርሻ በአንድ ባንክ ውስጥ በድምሩ ከ49 በመቶ እንዳይበልጥም ወስኗል። ሁለቱን አስተያዩአቸው። የነፋስ መውጫ ሱቅ ነጋዴና ጥራጥሬ ሰብሳቢ ከባንኩ ነገር ይልቅ የሚነካው የመጀመሪያው ነው፤ እርሱ ግን በመመሪያ አለፈ። ውድድር ዋጋ ያወርዳል፥ ሸማቹን ይጠቅማል የሚለውን ክርክር ሰምተናል፤ ምናልባት እውነት ነው። እውነት ከሆነ በአደባባይ ለመከራከር ምን ያስፈራል?

ስለ መሬት አንድ ምሳሌ ብቻ። በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ ለህንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ሲሰጥ፥ ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ይህን የምናውቀው ውሉ ለሕዝብ ስለ ወጣ ነው፤ ለዚህም ያወጡትን እናመሰግናለን። የወጣው ግን ከተፈረመ በኋላ ነው። ከመፈረሙ በፊት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ አንድ የጋምቤላ ሽማግሌ ወይም አንድ የግብርና ተማሪ «ኧረ ሃያ ብር የአንድ ዶሮ ዋጋ አይሞላም» ባለ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ኩባንያው መሬቱን ስላላለማው ውሉ ተሰረዘ። በዚያ መሬት ላይ የጠፉትን ዓመታት የሚመልስ ግን የለም። እንግዲህ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም፥ 60 በመቶው ለኩባንያው፥ 40 በመቶው ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሆኖ ስምምነት ተደርጓል። ደስ ብሎናል፤ ከእኛ በላይ ማዳበሪያ የሚያስፈልገው ማን አለ? ነገር ግን ጋዙ ለፋብሪካው በስንት እንደሚሸጥ፥ ማዳበሪያው ለአራሹ በስንት እንደሚቀርብ፥ ክርክር ቢነሣ በየትኛው አገር ዳኛ ፊት እንደሚታይ ማንበብ እንፈልጋለን። እነዚህ ሦስት ነገሮች በየትኛውም እንዲህ ባለ ውል ውስጥ ጭረቱና ድፋቱ ናቸው።

«ሁሉን በገበያ መካከል ማንበብ አይቻልም፤ ተደራዳሪ ካርታውን ገልጦ አይጫወትም» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። ግማሹ ትክክል ነው። በድርድር መካከል ላለ መልእክተኛ ምስጢር ያስፈልገዋል፤ እስከ ስንት እንደሚወርድ አስቀድሞ ቢናገር ሞኝ ነው። ነገር ግን ድርድር ሌላ፥ ውል ሌላ ነው። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ በኋላ ጽሑፉ ከባዕዱ የተሰወረ አይደለም፤ እርሱ በኪሱ ይዞታል። ታዲያ የሚሰወረው ከማን ነው? በካርቱም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በህዳሴው ግድብ ላይ የተፈረመው የመርሆዎች ስምምነት ለሕዝብ ወጥቷል፤ በየዩኒቨርሲቲው ተነበበ፥ ተተቸ፥ ተደገፈም። በዚህ ምክንያት ግድቡ አልቆመም፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ደመወዙን ቆርጦ ቦንድ የገዛ ሰው ስለ ግድቡ መጠየቅ የሚያንሰው ማን ነው?

ደግሞስ ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የውጭ ግንኙነትንና የውጭ ንግድን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። በአንቀጽ 55 አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጸድቅ ያዛል። በአንቀጽ 9 የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል ይላል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ላይ በሚደርስ ፖሊሲና ፕሮጀክት አሳባቸውን እንዲሰጡ መብት ሰጥቷቸዋል። አራቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው፥ መንግሥት ብቻውን እንዲፈርም፥ ብቻውን ግን እንዳያነብ መታዘዙን ይረዳል። የአገሩ ሕግ የሚሆን ጽሑፍ በአገሩ ቋንቋ፥ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም በሌላውም፥ ከመጽደቁ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ቢወጣ፥ የምርጫ ክልሉን የወከለው እንደራሴም ይዞት ወደ ወረዳው ወርዶ ቢያስነብበው ምን ጉዳት አለው? ለምክር ቤቱ አባላት ያለን አክብሮት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ ፈረሱን ሲመለከቱ ውሉ እንዳያልፋቸው እንለምናቸዋለን።

እስከዚያው እኛ ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። የሕግ ተማሪዎች፥ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችና የቋንቋ ተማሪዎች ሆነን ስድስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ለማቋቋም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አሳብ እናቀርባለን። ኮሚቴው ለሕዝብ የወጡትን ውሎችና አዋጆች እያነበበ፥ ባላገሩን የሚነኩትን አንቀጾች በቀላል አማርኛ ይጽፋል፤ በዚህ መጽሔት ማባዣም ይባዛሉ። ክረምት ሲገባ እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ጥቂት ጥቂት ቅጅ ይዘን እንሄዳለን። የጋይንቱን እኛ እንወስዳለን፤ መጀመሪያ የምናነበውም ስለ ማዳበሪያ ያለውን ነው። ከኦሮሚያ፥ ከሶማሌና ከጋምቤላ የመጣችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ትርጉሙን ብትረከቡልን ደስ ይለናል። ወረቀትና ቀለም ለማዋጣት የሚፈቅድ፥ ወይም ከእንግሊዝኛ ለመተርጎም ትዕግሥት ያለው ተማሪ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። ግስ የሚጠነቀቅ ሰው በተለይ እንፈልጋለን።